የሐስልብሩክ ወጠጤ

ሐስልብሩክ፣ ታችኛው ባቫሪያ
ማርች 3 ቀን 1987

ይድረስ ለቪብከ ሐርምዘን፣ ሁሱም፤

ጤናሽን አልጠይቅም። ጤና ያጣ ሰው ስድስት ጠርሙስ ቢራ በሣጥን አሽጎ ከሰሜን ባሕር እስከ እኛ መንደር አይልክም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል፤ እሱ ግን ያንቺ ጉዳይ አይደለም። ቫልቡርጋ ሰላም ብላሻለች። ያገባኋት ዕለት የጀመረችውን ሳቅ እስካሁን አላቆመችም።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ አዎ ነው፤ የሰማሽው እውነት ነው። የአሎይስ የወንድም ልጅ ጠመቃ ቤቱን አጎቱ ከሞተበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ዘግቶት ከርሞ፣ አሁን እስከ አዲስ ዓመት ተከራይቶ የሚጠምቅበት ሰው ካልተገኘ ጭፈራ ቤት ለሚያደርገው ሰው ሊሸጠው ነው። ከንቲባው ወጥ ቤታችን መጥቶ ተቀመጠና፣ "ጋሽ ኮርቢኒያን፣ ያቺ አሎይስ ያሠለጠናት የሰሜን ልጅ ወጠጤውን ቢራ እንደ እሱ መጥመቅ ከቻለች፣ መንደሩ ለኪራዩ ዋስ ይሆናታል። ቻለች አልቻለች የሚለው ግን የእርስዎ ምላስ ነው" አለኝ። ማንም አልሾመኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ለአሎይስ በርሜል ስጠርብ፣ ከእያንዳንዱ ጥንስስ የመጀመሪያውን ብርጭቆ የቀመስኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት የተውኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በአፍንጫዬና ከቄሱ ቤት ተውሼ አሥራ አንድ ጊዜ ባነበብኩት አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነው።

እነዚያ የሰሜን ሰዎች ብርቱውን የስንዴ ቢራ ለምን ወጠጤ እንደምንለው ከጠየቁሽ፣ "ዝም ብላችሁ ሦስተኛውን ጠጡ፤ በግንባሩ ሲወጋችሁ ይገባችኋል" በያቸው።

የላክሽልኝን ባለ ሃምሳ ነጥብ ቅጽ ባዶውን መልሼልሻለሁ። ለሽታው ከአሥር፣ ለአረፋው ከአምስት ይላል። ቢራ ተማሪ አይደለም፣ እኔም የክፍል ኃላፊ አይደለሁም።

አሁን ወደ ቢራሽ። የቀመስኩት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቡና አልጠጣሁም፣ ፊቴን በሳሙና አልታጠብኩም፣ ከቫልቡርጋ በቀር ማንም እንዲያናግረኝ አልፈቀድኩም፤ እሷም ያልተፈቀደላትን ነው የተናገረችው። ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ፣ አጋድሜ ቀዳሁ። ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ጣት ያህል አስቀርቼ፣ ከሥር የተኛው እርሾ እንዲነሳ አሽከርክሬ ጨመርኩት።

አረፋው እስክቀመጥ እንኳ አልጠበቀኝም። ሽታው ሙዝ ነው። ትንሽ ሙዝ ደግ ነው፤ ያንቺ ግን በጋ ላይ ጋሪ ውስጥ የተረሳ ሙሉ ዘለላ ነው። ከሙዙ ኋላ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ቫልቡርጋ አሸተተችና፣ "ይሄማ የሙሽራ ክፍል ነው" አለች። በጣም አሙቀሽ አፍልተሽዋል ማለት ነው። እርሾ እንደ ሰው ነው፤ ሲሞቀው ይለፈልፋል።

ቅርንፉዱስ የት ሄደ? ቅርንፉድ የሌለው ወጠጤ ጢም የሌለው ወጠጤ ነው። አሎይስ የተፈጨውን ብቅል ከውሃ ጋር ሲያሞቅ ክንዱን እስከ ክርኑ ነክሮ፣ ሙቀቱ ለሕፃን መታጠቢያ ትንሽ የሚበዛ ሲመስለው እዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆም ነበር። ቅርንፉዱ የሚወለደው እዚያ ነው። አጠገቡ ቆመሽ ዓይተሻል። ዘለልሽው።

ደግሞ አልኮሉ ከፊት ይቀድማል። ወጠጤ ቀንዱን አያሳይም። መጀመሪያ እጅሽን ይልሳል፤ ቀንዱ የሚመጣው ከወንበር ልትነሺ ስትይ ነው።

ሌሎች አሥራ አራት ጥፋቶች በሚቀጥሉት ሁለት ገጾች ላይ ዘርዝሬልሻለሁ። አይሆንም። እንደገና ጥመቂ።

ኮርቢኒያን ጺርንጊብል


ሁሱም፣ ማርች 14 ቀን 1987

ውድ ጋሽ ኮርቢኒያን፣

እግዜር ይስጥልኝ! ከነሳቋ ለወይዘሮ ቫልቡርጋም እንደዚሁ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው ለጠመቃ ቤቱ ባለቤት ለአቶ ቶምሰን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቶምሰንን አያውቁትም። በቀን ስድስት ቃል ይናገራል፣ ከስድስቱ አራቱ ሰላምታ ናቸው። እስከ አሥራ አራተኛው ጥፋት ድረስ አዳመጠና፣ "ይጠላሻል?" አለኝ።

"ኧረ በጭራሽ! ሦስት ገጽ ሙሉ እኮ ጻፈልኝ" አልኩት። "ተስፋ የቆረጠብኝ ቢሆን አንድ መስመር ይበቃው ነበር።"

ስለ ክርኑ ልክ ነዎት። አልረሳሁትም። ቶምሰን ጋኑን የሰጠኝ በቅዳሜ ነው፣ እሱም እስከ ምሳ ድረስ ብቻ፤ ቸኮልኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሞቄም የእኔ ጥፋት ነው። እዚህ የሚጠመቀው መራራና ቀጭን ቢራ ነው፣ በብርድ ነው የሚፈላው። የስንዴው ሲመጣ እንደ ሕፃን ይበርደዋል ብዬ ደራረብኩለት።

ለጠየቁኝም ልመልስ። አዎ፣ እርሾው የአሎይስ ነው። ጠመቃ ቤቱ የተቆለፈ ቀን በጃም ብልቃጥ ይዤው ወጣሁ። አምስት ዓመት ማቀዝቀዣዬ ውስጥ እንደ ድመት እየመገብኩት አኖርኩት። ሁለት ቤት ለውጫለሁ፣ አንድ እጮኛም ሸኝቻለሁ፤ እሱን ግን አልጣልኩትም።

ሌላውንም አልደብቅዎትም፤ መመለስ እፈልጋለሁ። ከማንም በላይ እፈልጋለሁ። ነገር ግን አሎይስ በእጁ ያስተማረኝን ቢራ አበላሽቼ፣ ከእርስዎ ደጅ ፊት ለፊት በእሱ ወንበር ልቀመጥ አልችልም። ቢራው ከሆነ እመጣለሁ። ካልሆነ ሁሱም ባሕሩም ነፋሱም ይበቃኛል።

ቶምሰን ትንሹን ጋን እስከ ኦገስት ፈቅዶልኛል። እጠምቃለሁ።

አክባሪዎ ቪብከ


ሐስልብሩክ፣ ሜይ 20 ቀን 1987

ይድረስ ለቪብከ፤

ሁለተኛው ሣጥን ደረሰ። አንድ ጠርሙስ ተሰብሯል። የሰባሪውን ስም ለማወቅ ለፖስታ ቤት አቤቱታ ጽፌያለሁ።

ቅርንፉዱ መጥቷል። የጥፍር ቀለሙ ሄዷል። አልኮሉ ከኋላ መቆም ተምሯል። እነዚህን የጻፍኩት ያላስተዋልኩ እንዳይመስልሽ ነው እንጂ ለሙገሳ አይደለም።

አሁን ያለው ችግር ቢራው መተኛቱ ነው። ንጹሕ ነው፣ ጨዋ ነው፣ የታጠበ ነው፤ ልክ በሰንበት ጥግ ተቀምጦ ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ እንደሚፈልግ አማች። ሙዙ ከነጭራሹ ጠፍቷል። ቫልቡርጋ፣ "ባለፈው በዛ ብለህ ሰደብካት፣ አሁን ደግሞ አነሰ ትላለህ። አንተ ሰውዬ ምን ብታደርግልህ ነው የምትወደው?" አለችኝ። ሙዙ ልክ ሲሆን ነው አልኳት።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ግምቴ ይህ ነው፤ የምታፈይበት ጋን ረጅም ነው፣ ዝግ ነው፣ ከሰው ቁመት ሁለት ጊዜ ይበልጣል። ከላይ ያለው ክብደት ከታች ያለውን እርሾ አንገቱን ይይዘዋል። የአሎይስ ገንዳ ደረት ድረስ ነው፣ አፉም እንደ ሜዳ ክፍት ነው። እርሾው እዚያ ላይ ተንጠራርቶ ይተኛል፣ ሲነሳም በደስታ ነው። ጋን ቀይሪ። ከየት ታመጪያለሽ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ እኔ ምላስ እንጂ ብረት ቀጥቃጭ አይደለሁም።

አሎይስ ሲያስተምርሽ አንድ ቀን እንኳ ያልተቆጣሽ ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። መቆጣቱንማ በየማታው ይቆጣ ነበር፤ የሚቆጣው ግን እኔ ጋ መጥቶ ነው። "ዛሬ ልጅቷ ይህን አበላሸች፣ ያን አቃጠለች" ይልና፣ ሲጨርስ፣ "ለሌላ ሰው አልሰጣትም" ይላል። አንቺ ፊት እንዲህ ማለት ግን አይሆንለትም ነበር።

አይሆንም። አንድ ጊዜ ደግመሽ ጥመቂ።

ኮርቢኒያን


ሐስልብሩክ፣ ኦገስት 11 ቀን 1987

ይድረስ ለቪብከ፤

ሦስተኛው ሣጥን ደርሷል። ቀመስኩ።

ምንም አይልም።

ኮርቢኒያን


ሁሱም፣ ኦገስት 17 ቀን 1987

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኮርቢኒያን ጺርንጊብል፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ልፋትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ ሦስት ገጽ፣ ቀጥሎ አንድ ገጽ፣ አሁን ሁለት ቃል። ገብቶኛል። ለስድብ እንኳ የማይበቃ ነገር እንደጠመቅሁ ለማወቅ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግዎትም ነበር። የላክሁልዎ ያለኝን ሁሉ ነው። ከዚህ የተሻለ በእጄ የለም፤ የሚመጣም አይመስለኝም።

አቶ ቶምሰን ጋኑን ይፈልገዋል። የቀረውን ቢራ አረቄ ለሚያወጣ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ዓርብ ኦገስት 21 ከሰዓት በኋላ ቦቴ ይዞ ይመጣል። እርሾውንም ከዚያ ወዲያ አልመግበውም። የእኔ ድክመት በእሱ ላይ እንዲቀጥል አልፈልግም።

እባክዎ ለከንቲባው እንደማልመጣ ይንገሩልኝ። ጠመቃ ቤቱ ጭፈራ ቤት ከሆነም ሰው የሚደሰትበት ነገር ነው። ለወይዘሮ ቫልቡርጋ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ቪብከ ሐርምዘን


ቴሌግራም
ከሐስልብሩክ፣ ኦገስት 20 ቀን 1987

ለቪብከ ሐርምዘን፣ ሁሱም። ቢራሽ ግሩም ነው። ለአረቄ እንዳትሰጪ። ከአሎይስ ይበልጣል። እርሾውን መግቢ። ኮርቢኒያን።


ሐስልብሩክ፣ በዚያው ቀን

ይድረስ ለቪብከ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቴሌግራሙ ወይ ቀድሞት ደርሷል ወይ አልደረሰም። ካልደረሰ የቀረውን አታንብቢ፤ ሮጠሽ ጋኑን ዝጊ።

የሰሜን ሰው መሆንሽን ረስቼው ነበር። አምስት ዓመት እዚህ ኖረሽ ይህን ሳትማሪ መሄድሽ የአሎይስ ጥፋት ነው። በእኛ አገር አንድ ሰው ሥራውን ሲያሳይሽ አገላብጠሽ ታዪዋለሽ፣ ጉድለት ትፈልጊበታለሽ፣ ያገኘሽውን ትነግሪዋለሽ። ፈልገሽ ፈልገሽ ስታጪ፣ የሚወጣለት እንከን ሲጠፋ፣ "ምንም አይልም" ትያለሽ። ከዚያ በላይ ቃል የለም። ከዚያ በላይ ያለው ለቅዳሴ ነው። ለአሎይስ በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ብዬዋለሁ፤ በሁለተኛው ጓዳ ገብቶ ብቻውን ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ። ከቫልቡርጋ ጋር በተጋባን ማግስት እናቴ፣ "ሚስትህ እንዴት ናት?" ስትለኝ፣ "ምንም አትልም" አልኳት። ይኸው አርባ ዓመት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ቫልቡርጋ በትከሻዬ ላይ አንብባ፣ "አንተ ግትር! ልጅቷን ገደልካት! ኮፍያህን አድርግ!" አለች። ኮፍያዬን ሳላደርግ ሄድኩ።

ፖስታ ቤት ዜንታ መስኮቷ ጋ ተቀምጣለች። ከኋላዬ ከንቲባው ቴምብር ሊገዛ ቆሟል፤ የዳቦ ጋጋሪው ሚስትና የቄሱ ምግብ አብሳይም አሉ።

"ምን ልጻፍ?" አለችኝ ዜንታ።

"'ምንም አይልም ያልኩት ምንም አይልም ለማለት ነው' ብለሽ ጻፊ።"

"ጋሽ ኮርቢኒያን፣ ይህን ከላክንላት እሱን የሚያስረዳ ሁለተኛ ቴሌግራም ልንልክ ነው። ሰሜን ላለ ሰው በሰው ቋንቋ ይናገሩ። ቢራው እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው።"

"ለጥሩ ቢራ ነው እንዴ ኮፍያ ሳያደርጉ የመጡት?"

"እሺ፣ በጣም ጥሩ ነው።"

"አልሰማሁም፤ ይህ መስታወት ድምፅ ይውጣል።"

መስታወቱ በሕይወቱ ድምፅ ውጦ አያውቅም። ዜንታ ስትስቅብኝ ነው። ዓርብ ግን ነገ ነበረ። "ግሩም ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ግሩም! ጻፊ!"

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አማተበች። "እኔ ሠላሳ ዓመት ዳቦ ሸጥኩልዎ" አለች፣ "አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብለውኝ ያውቃሉ?"

"ያንቺ ዳቦ ጨው ይበዛዋል" አልኳት።

ያኔ ከንቲባው ከኋላ ጠጋ ብሎ፣ "ከአሎይስስ ጋር ሲተያይ?" አለ።

አሎይስ ጓደኛዬ ነበር። የሬሳ ሣጥኑን በቀኝ በኩል የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እውነት ግን ለሞተ ሰው ተብሎ አይቀነስም፣ እሱም ቢሆን ይህን ቢሰማ ነው ደስ የሚለው። "ይበልጣል ብለሽ ጻፊ" አልኳት ዜንታን። ለከንቲባው አልመለስኩለትም፤ የጠየቀው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው።

በቴሌግራም የማይጻፈውን እዚህ ልጻፈው፤ ሁለተኛ አልደግመውም።

ቀለሙ ገና ከእሳት የወጣ የለውዝ ቡናማ ነው፤ ከብርሃን ፊት ሲይዙት ቀይ ማር ይሆናል። አረፋው ክብሪት ቢያቆሙበት ይሸከማል፤ ቫልቡርጋ አቁማበታለች። መጀመሪያ የሚሸተው ትኩስ ዳቦ ነው፤ ውስጡ ሳይሆን ቅርፊቱ። ቀጥሎ ዘቢብ። ቀጥሎ ቅርንፉድ፣ ጥርስ ላይ እንደያዙት ሳይሆን ከሩቅ ሣጥን እንደሚመጣው። ሙዙም አለ፤ ጎረቤት የሆነ ሰው አንድ ሙዝ ልጦ መስኮቱን እንደ ከፈተ ያህል ብቻ። አፍ ውስጥ ሲገባ ከአሎይስ ይልቅ ይለሰልሳል። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ አለማወቄም አናዶኛል። ጣፋጭ ሆኖ ይገባና ደረቅ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ እጅ ሳያስበው ወደ ብርጭቆው ይመለሳል። ጨርሼ ልነሳ ስል ጉልበቴ ፈቃድ ጠየቀኝ።

በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ስህተት ፍለጋ። በሰባተኛው ቀን ሦስተኛውን፣ ስህተት ፍለጋ። አራተኛውና አምስተኛው ለምን እንደተከፈቱ ምክንያት የለኝም። ስድስተኛውን ቫልቡርጋ ደብቃብኛለች።

ካስከፋሁሽ... ይህን ዐረፍተ ነገር መጨረስ አልለመድኩም። አንቺ ጨርሺው።

ኮርቢኒያን


ሁሱም፣ ኦገስት 23 ቀን 1987

ውድ፣ ግትር፣ ክፉ ጋሽ ኮርቢኒያን!

ጨርሼዋለሁ። ይቅር ብዬዎታለሁ። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።

ቴሌግራሙ ተጓትቶ የደረሰው ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ቱቦው ተገጥሞ፣ ፓምፑ እየሠራ ነበር። የፖስታ ሠራተኛው ከበሩ ጀምሮ ወረቀቱን እያውለበለበ፣ "ወይዘሪት ቪብከ! ግሩም ነው ይላል! ግሩም ነው!" እያለ መጣ፤ ሁሱም ውስጥ ሰው ሲጮህ ባሕሩ ከተማው ድረስ ከገባበት የማዕበል ዓመት ወዲህ ተሰምቶ አይታወቅም። ፓምፑን በእጄ አጠፋሁት። አንድ ሦስተኛው ሄዷል።

አረቄ አውጪው፣ "የወሰድኩትን ልትቀበዪኝ ነው?" አለ። "አይ፣ ለመጽናኛ ይሁንልዎ" አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ደውሎ፣ አረቄ ሊያወጣው ልቡ እንዳልቻለ፣ ከወንድሙ ጋር እንዳለ እየጠጡት እንደሆነ ነገረኝ።

ቶምሰን ቴሌግራሙን አነበበ። አንድ ብርጭቆ ቀዳ። ቆሞ ጠጣ፣ ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን ጠጣ። "ይህ ቢራ አይደለም፤ እራት ነው" አለ። ለሳምንቱ የተመደበለት ቃል እዚያ ላይ አለቀ።

አሁን የደበቅሁትን ልናዘዝ። ጋን ቀይሪ አሉኝ። ከአሎይስ ገንዳ ጋር የሚመሳሰል እዚህ አገር ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተዘጋ አይብ ቤት የተረፈ፣ ወተት የሚረጋበት ገንዳ። ደረት ድረስ ነው፣ አፉ እንደ ሜዳ ክፍት። አራት ቀን ፈተግሁት። ብነግርዎ ከመቅመስዎ በፊት "አይብ አይብ ይለኛል" እንደሚሉ ስለማውቅ ዝም አልኩ። የለሰለሰበትም ምክንያት አለው። አሎይስ ከአሥር እጅ ስድስቱን ስንዴ ያደርግ ነበር፤ እኔ ሰባት አደረግሁ። እሱ እያለ ልጠይቀው ፈርቼ የተውኩት ነገር ነው።

አሁን ይቆጡኝ። ረጅም አድርገው ይቆጡኝ!

ቪብከ


ሐስልብሩክ፣ ኦገስት 29 ቀን 1987

ይድረስ ለቪብከ፤

የአይብ ገንዳ።

በምላሴ ሰባ አራት ዓመት ኖሬ አይብ አለፈኝ። ቫልቡርጋ በየጓዳው እየዞረች፣ "ጎረቤት ሙዝ ልጦ መስኮት እንደ ከፈተ... ከአይብ ቤት!" ትላለች። ለዳቦ ጋጋሪው ሚስት ነግራታለች፤ ስለዚህ ለሁሉም ነግራለች።

ሰባት እጅ ስንዴ ማድረግሽ ትዕቢት ነው። ትክክልም ነው። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

ከንቲባው የቤተ ክርስቲያናችን በዓል ኦክቶበር 18 ላይ በርሜሉ አደባባይ ይከፈት ብሏል። መጀመሪያ መንደሩ ይጠጣ፣ ቀጥሎ ውሉ ይቀርብልሻል። በርሜሎቹን እኔ እልካለሁ። ጠርቤያቸዋለሁ። ጉልበቴን አትጠይቂኝ።

ኮርቢኒያን


ሁሱም፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1987

ውድ ጋሽ ኮርቢኒያን፣

ሳልሰናበትዎ በመሄዴ እባክዎ አይቀየሙኝ። ሰኞ ጠዋት ደጅዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ከውስጥ የእርስዎና የወይዘሮ ቫልቡርጋ ማንኮራፋት በሁለት ድምፅ ሲዘምር ሰምቼ ማንኳኳቱ ኃጢአት መሰለኝ።

ብዙ ነገር ሳላውቅ ነው ከበዓሉ የተመለስኩት። ከንቲባው ከዛፉ ላይ በሰላም ወረዱ? የቄሱ ምግብ አብሳይ ያንን ዘፈን ጨረሰችው፣ ወይስ አሁንም እየዘፈነች ነው? እርስዎን ያስጨፈረዎት ማን ነው? ወይዘሮ ቫልቡርጋ እንዳልሆኑ አይቻለሁ፣ እሳቸው ወንበር ላይ ቆመው እያጨበጨቡ ነበር። ስድስቱ በርሜሎች ስንት ሰዓት እንዳለቁ አላስታውስም፤ አንድ ሽማግሌ ባዶውን በርሜል አቅፎ "አሎይስ፣ አሎይስ" ሲል ግን አይቻለሁ። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየሁም።

ውሉ ከቦርሳዬ ውስጥ ነው። በባቡሩ ላይ ዘጠኝ ጊዜ አውጥቼ አየሁት፣ ዘጠኝ ጊዜ መለስኩት። ፈራሁ፣ ጋሽ ኮርቢኒያን። አንድ ጊዜ ግሩም ወጣ። የሚቀጥለውስ? ያ ሁሉ ሰው በዚያ ሁሉ ደስታ ብርጭቆውን ሲያነሳ አይቼ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያ ፊት ሲከፋ ማየት እንዴት እችላለሁ? የእርስዎ መልስ ሳይደርሰኝ አልፈርምም።

ቪብከ


ሐስልብሩክ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1987

ይድረስ ለቪብከ፤

ከንቲባው ወርዷል። ዘፈኑ አልቋል። ያስጨፈረኝን አልነግርሽም።

የሚቀጥለው መጥፎ ይሆናል። ምን ልዋሽሽ? አሎይስ በገዛ እጁ በጠመቀበት የመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛው ጥንስሱ በጣም ከመክፋቱ የተነሳ ለአሳማዎች ሰጠነው። አሳማዎቹ ሁለት ቀን ተኙ፤ ሲነቁ ገንዳቸውን ገልብጠው ደጅ ቆሙ፣ ጨምሩልን ብለው። መንደሩ አሎይስን አንድ ወር ሙሉ "የአሳማ ጠማቂ" ብሎ ጠራው። ከዚያ ሦስተኛው መጣ፣ ረሱት።

ቢራሽ ሲከፋ ፊታቸው ይከፋል፤ መንገድ ላይ ያስቆሙሻል፣ ዳቦ ስትገዢ ይነግሩሻል፣ ቄሱ ከስብከቱ መሀል ሊያነሳው ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ቢራውን የራሳቸው ስላደረጉት ነው። ጭፈራ ቤት ሲከፋ ማንም ምንም አይለውም፣ ዝም ብሎ ሌላ ይሄዳል።

ፍርሃትሽን ይዘሽ ነይ። ክፍሉ ሰፊ ነው።

ኮርቢኒያን


ቴሌግራም
ከሁሱም፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1987

ፈርሜያለሁ። ቶምሰን አለቀሰ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገረም። ከነገንዳዬ እመጣለሁ። ቪብከ።


ሐስልብሩክ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1987

ይድረስ ለቪብከ፤

ለጠየቅሽኝ ሁሉ በተራ ልመልስ።

ጭስ ማውጫው ተጠርጓል። ውስጡ የቁራ ጎጆ ነበረ፤ ቁራዎቹ ለከንቲባው አቤት ብለዋል። የመዳብ ድስቱ አልተሰነጠቀም። የአሎይስን ገንዳ ፈትጌዋለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ማንም እንዲያግዘኝ አልፈቀድኩም፣ የሚያግዝም አልመጣም። ያንቺን የአይብ ገንዳ የት እንደምናቆመው ቫልቡርጋ ወስናለች፣ እኔ አልተጠየቅሁም። መኝታሽ ከብቅል ሰገነቱ በታች ነው፤ ይሞቃል። ብርድ ልብሱን የሰጠችሽ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ናት። ዳቦዋ ላይ ጨው ቀንሳለች፤ እንዳወቅሁባት እንዳትነግሪያት።

ባቡሩ ሬገንስቡርግ ላይ ይቀየራል። በስተቀኝ ተቀመጪ፤ ወንዙ በዚያ በኩል ነው። ጣቢያ የሚቀበልሽ ከንቲባው ነው፣ ንግግርም ያደርጋል። አታቋርጪው፣ ግን አታዳምጪው።

ከእኔ ምን ክፍያ እንደምፈልግ ጠይቀሻል። ምንም አልፈልግም። ማክሰኞ ማክሰኞ በአራት ሰዓት የመጀመሪያውን ብርጭቆ እፈልጋለሁ። ንጹሕ ብርጭቆ፣ ያልተሞቀ ክፍል፣ የሚቀመጡበት ወንበር። ወንበሩ ድጋፍ ይኑረው፤ ይህ ለወጠጤው ነው።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ እንዳትጽፊ። ዜንታ ከፖስታ ቤት፣ "ከእንግዲህ ማን ያሥቀኛል?" ብላ አዝናለች፤ ይሁን። በዘጠኝ ወር ውስጥ በሕይወቴ ሙሉ ካባከንኩት የበለጠ ወረቀት አባክኛለሁ፣ የምለውም ሁሉ ሦስት ቀን አርጅቶ ነው የሚደርስሽ። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን መንገዱን ተሻግሬ፣ ደጅሽ ላይ ቆሜ፣ ፊት ለፊት ነው የምሰድብሽ።

ኮርቢኒያን